ፊቱን ያዞረው ቤትና ድመቷ ቾኪ

ላ ቱፑ የገዛ ቤቱን ያስነሣው ዓርብ ቀን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መንደርተኛው ምሳ ሳይበላ ነበር። የጠገበ ትከሻ ቤት አይሸከምም፤ መብሉ የሚቀርበው ቤቱ ካረፈ በኋላ ነው። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ የቆመ የጣውላ ቤት ነው፤ ረጃጅም ቀርከሃ በምሰሶዎቹ እግር ዙሪያ ታሰረ፣ ወንዱ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከሥር ገባ፣ ላ ቱፑም ፊት ለፊት ቆሞ ያንን የታወቀ ድምፁን ለቀቀው። የስንት ሰው ቤት በዚያ ድምፅ እንደ ተራመደ እሱም አያውቀውም። ዕድሜውን ሙሉ ሥራው ይኸው ነበር፤ ቤት ሲነሣ እየጠራ መምራት፣ የት እንደሚያርፍና ፊቱን ወዴት እንደሚያደርግ መወሰን፣ የመኻሉ ምሰሶ ሥር ኮኮናትና የዘንባባ ስኳር አስቀብሮ ቤቱንና ሰዉን ማስታረቅ። የቤት አዋቂ ይሉታል።

ቤቱ ከመሬት ተላቀቀና በሩዝ ማሳው መኻል መሄድ ጀመረ። ከሥር የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። ጣራው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ግድግዳው ይንቋቋል፣ ውሃ ያቆረው ማሳ ደግሞ ሁለተኛ ቤት አድርጎ ገልብጦ ያሳየዋል። ከሩቅ ላየው ቤቱ ከብዙ ዘመን እንቅልፍ ነቅቶ በራሱ ፈቃድ መንገድ የጀመረ ይመስል ነበር። ሳህንና ብርጭቆው ቀድሞ ወጥቷል። ውስጥ የቀረችው ድመቷ ቾኪ ብቻ ናት። መስኮቱ ላይ ተቀምጣ፣ ጭራዋን እግሯ ላይ ጠቅልላ፣ ዓለም በፊቷ ሲያልፍ ትመለከታለች።

"እሷ ትኬት ቆርጣለች?" አለ አንዱ ከቀርከሃው ሥር።

"እሷማ ባለቤቷ ናት፣ ተሳፋሪዎቹ እኛ ነን" አለው ሌላው። ወንዱ ሁሉ ሲስቅ ቤቱ ባንድ ጎን ዘመም አለና ላ ቱፑ ተቆጣ።

የተቆጣው ግን ለወጉ ነው። ዝናቡ ሳይገባ ሚስቱ ኢ ቻያ ከሞተች ወዲህ ቁጣም ደስታም ከአፉ እንጂ ከሆዱ አይወጣም። ቤቱ ማሳው ጠርዝ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ እሱም ውስጡ ብቻውን ተቀምጦ ሲውል፣ ልጁ ጁምሪያ "እኛም ኪራይ ቤት ሰልችቶናል፤ ቤቱን አምጡትና መንገድ ዳር ያለው መሬታችን ላይ አብረን እንኑር" አለችው። እሺ አለ። ቦታው ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የድሮው ቤት በሩም ደረጃውም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ማሳው ነው። መንገዱ ያለው በምዕራብ ነው።

"አምቦ፣ ፊቱ ወደ መንገዱ ይሁንልን" አለች ጁምሪያ፤ አባቷን የምትጠራው እንደዚያ ነው። "ለሚያልፍ ሰው ጀርባ ሰጥተን እንዴት እንኖራለን?"

ሌላ ሰው ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ላ ቱፑ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ቤት ፊቱን ሲያዞር ዝም ብሎ አይደለም፣ የሚኖርበት ሰው አብሮ መዞሩ መጠየቅ አለበት ብሎ ነገሩን ያሳድረው ነበር። የራሱ ሲሆን ግን ደከመው። "አዙሩት" አለ። አዞሩት። ከዚያ በኮኮናት ወተት የተቀቀለው ሩዝ፣ ቡራሳው፣ ከሙዝ ቅጠሉ እየተፈታ፣ የዓሣ ወጡ እየተጨለፈ ተበላ፣ ሰዉም መርቆ ወደየቤቱ ሄደ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ቾኪ እንደ ልማዷ ተነሥታ ወደ በሯ ሄደች። ድመት በሯን የምታውቀው በቤቱ ሳይሆን በፀሐዩ ነው መሰለኝ፤ የሄደችው በምሥራቅ ወዳለው ግድግዳ ነበር። እዚያ በር የለም። አንድ ሁለቴ ጣውላውን ቧጠጠች፣ ጠበቀች፣ የሚከፍት ጠፋ፣ እዚያው ሸናች።

ነገሩ ወለሉ ላይ ቢቀር ደግ ነበር። የጣውላው ክፍተት ወደ ታች አሳለፈው። ከቤቱ ሥር፣ ልክ በዚያ ቦታ፣ የጁምሪያ ባል ላ ሲዴ ሞተር ሳይክሉን ያቆማል። ላ ሲዴ ገበያ ለመሄድ ቸኩሎ ወረደና ኮርቻው ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው ተመልሶ ተነሣ።

"ጁምሪያ! ማታ ዘንቧል እንዴ?"

"አልዘነበም፣ ምነው?"

"እንግዲያው ሱሪዬን አሽትቺና ከየት እንደ መጣ ንገሪኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጦር ሜዳ ሆነ። ጁምሪያ ጣውላውን በአመድ ፈተገችው፣ በሎሚ አሸችው፣ የተቀቀለ ጠጅ ሳር ውሃ ደፋችበት፣ በመጨረሻም አቼቶ አፈሰሰችበት። ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ እንጂ ቾኪ አልተመለሰችም። ነጃሳ ባለበት እንዴት ይሰገዳል ተብሎ የስግደቱ ምንጣፍ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ጎረቤቷ ኢንዶ ማሌ ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ምክር ታዘንባለች፤ ምክር ለመስጠት ብቻ የተፈጠረች ሴት ናት።

"አፍንጫዋን እዚያው ላይ ፈትጊላት።"

"ተይ፣ ግፍ ነው። ደግሞ ድመት የሚበደልበት ቤት ሩዝ አይበረክትለትም።"

"እንግዲያስ ምግቧን እዚያው አቅርቢላት። የሚበላበት ላይ የሚሸና ፍጥረት የለም፤ ከአንዳንድ ሰው በቀር።"

ይኼኛው ምክር ሠራ። የቾኪ ሳህን ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ቾኪ መጣች፣ ሳህኑን አሸተተች፣ አሰበች፣ ወደ ምዕራቡ በር ሄዳ ጮኸች። ተከፈተላት። ወረደች። ላ ሲዴም ኮርቻው ላይ በሰላም መቀመጥ ጀመረ፤ ቤተሰቡም ነገሩን ረሳው።

ላ ቱፑ ግን ከአዲሱ ኑሮ ጋር አልታረቀም ነበር። መኝታው ሲነጠፍለት ራስጌውን ቀድሞ በነበረበት አቅጣጫ እንዲሆን አስደረገ። "ቤቱ ይዙር፣ እኔ አልዞርም" አለ። ቀን ቀን መንገዱን እያየ ይቀመጣል፤ መኪናው ያልፋል፣ ተማሪው ያልፋል፣ እሱ ግን ያየውን ቢጠይቁት አያውቀውም። ጎህ ሲቀድ ብቻ፣ በእንቅልፍና በንቃት መኻል፣ ቀላል ሰው ይሆናል። ቁርስ ላይም ፊቱ በርቶ ይመጣል።

"ዛሬም ወርጄ ነበር" አላቸው አንድ ቀን ሻዩን እያማሰለ።

"የት አያቴ?" አለች የልጁ ልጅ ተንሪ።

"የድሮው ግቢ። በሩን ከፈትኩ፣ ደረጃውን ወረድኩ፣ ጤዛው እግሬን አራሰኝ። አያትሽ ሽፈራው ዛፉ ሥር ቅጠል ትለቅማለች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ግን መኖሬን ታውቃለች፣ ከጀርባዋ ያስታውቃል። እዚያው ሽንቴን ሸንቼ፣ ጉሙ ከማሳው ሲነሣ ትንሽ ቆሜ አይቼ ተመለስኩ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከጎልማሳነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።"

ተንሪ ሳቀች። ጁምሪያ ግን ዐይኗን ሻዩ ውስጥ ተከለች። ላ ቱፑ እናቷ ናፍቃት ነው ብሎ አሰበ። ወሬውን ለወጠው።

ወዲያው ከታች የላ ሲዴ ድምፅ መጣ። ኮርቻው እንደገና ረጥቧል።

ላ ሲዴ እየዘለለ ወጣ። ግድግዳው ሥር ያለው ጣውላ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ የቾኪ ሳህን ውስጥ ግን ጁምሪያ ሳታየው የቀረ ቢጫ ውሃ አለ። ሩዙ ተንሳፍፏል።

"ድመቷ ናት" አለች ጁምሪያ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"የራሷ ሳህን ላይ?" አለች ደረጃው ላይ የተቀመጠችው ኢንዶ ማሌ። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲሉ ሰምቻለሁ። ወጧን በሽንቷ የምታጣፍጥ ግን ይቺን አየሁ።"

"ዐይኗን በጨው ታጥባለች!" አለ ላ ሲዴ። ቾኪ በዚያን ሰዓት በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ላይ ተኝታ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ነበር። ስሟ ሲነሣ አንድ ጆሮዋን ብቻ አነቃነቀች።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። አንዳንድ ቀን ደረቅ ያነጋል፣ አንዳንድ ቀን እርጥብ። እርጥብ በሆነ ጠዋት ጁምሪያ ከሁሉም ቀድማ ተነሥታ፣ አመዷንና ጨርቋን ይዛ ተንበርክካ ትገኛለች። "ድመቷ ናት" ትላለች፤ ቃሉ እንደ ሰላምታ ሆኗል። መንደሩም ሰማ። የቤት አዋቂው ቤት ይሸታል ተባለ። የሰውን ቤት ያስታረቀ የራሱን ድመት አላስታረቀም ተባለ። ላ ቱፑ መስጊድ ሲገባ ሰዎች የሚያንሾካሹኩበት እየመሰለው ጫማውን አውልቆ እስኪገባ ድረስ ዓመት ይሆንበት ነበር። የመኻሉን ምሰሶ ሥር ሁለቴ አስቆፍሮ ኮኮናቱን ለወጠ። ለውጥ የለም።

በዚህ መኻል ተንሪን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። የሚፈልጋትን ልጅ ማንም አልጠላውም፤ የልጁ አጎት ሐጂ በዱ ግን ነገር የሚያይ፣ ያየውንም ሳይናገር የማይውል ሰው ነው። ላ ሲዴ እንቅልፍ አጣ።

"ሐጂ በዱ ከቤቱ ሥር ቆመው ሰላምታ ሲሰጡ ከላይ ቆባቸው ላይ ጠብ ቢልስ?" አለ። "የልጄን ዕድል ታበላሽብኛለች ይቺ ድመት። መምታቱ እንዳላችሁት ግፍ ነው። ወንዙን አሻግሬ ዓሣ ገበያ ልተዋት። ጠግባ ታድራለች፣ እኛም እንተነፍሳለን።"

"ቢቀርስ?" አለች ጁምሪያ። "ምናልባት ትተወው ይሆናል። ትንሽ ብንጠብቅ..."

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ጠዋት ጠዋት ድመቷ ናት የምትይው?"

ላ ሲዴ ወደ አማቱ ዞረ። "እርስዎ ይበሉ አምቦ። የቤት አዋቂው እርስዎ ነዎት።"

ላ ቱፑ ቾኪን አያት። ይቺን ድመት ኢ ቻያ በሽርጧ ጠቅልላ ከዝናብ ያመጣቻት ናት። ኢ ቻያ ስትታመም እግሯ ሥር የተኛችው፣ ከሞተችም በኋላ እሱ እግር ሥር የተዛወረችው ይቺው ናት። ከሚስቱ የቀረው የሚተነፍስ ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ግን ደግሞ ስሙ አለ፣ የተንሪ ዕድል አለ፣ ሐጂ በዱ አለ።

"ውሰዳት" አለ። ሌላ ሰው እንዳያስራት ቅርጫቱ ውስጥ ያስገባት ራሱ ነው። አልታገለችውም። እጁን ላሰችው፣ ክዳኑን አሰረው። ጁምሪያ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማት፤ ለድመቷ መስሎት ገረመው፤ አንድ ቀንም ወዳት አታውቅም ብሎ ያስብ ነበር።

በነጋታው ሊነጋ ሲል ላ ቱፑ እንደገና የድሮው ግቢ ወረደ። በሩ ሳይጮህ ተከፈተ። ጤዛው ነበረ፣ ጉሙ ነበረ፣ ኢ ቻያም ሽፈራው ሥር ነበረች። እሱ እንደ ልማዱ ከዳር ቆመ። ዛሬ ግን ቅጠሉን ትታ ቀና አለች። ስንት ጊዜ ሲመኘው የነበረውን ፊቷን አዞረችለት። ወጣትም አልነበረችም፣ በሽተኛም አልነበረችም፤ አንድ ተራ ማክሰኞ ቀን እንደምትሆነው ነበረች።

"ቾኪ የታለች?" አለችው።

የት እንዳደረጋት ለመናገር አፍሮ፣ እጁን ወደ ደረጃው ድጋፍ ዘረጋ። እጁ ጣውላ ነካ። ድጋፉ የለም። ደረጃው የለም። ግድግዳ ነው። ላ ቱፑ በራሱ ቤት፣ በምሥራቁ ግድግዳ ፊት ቆሟል፤ ሽርጡ ረጥቧል፣ እግሩን ያራሰው ጤዛም ትኩስ ነው። እግሩ ሥር የቾኪ ባዶ ሳህን ሞልቷል።

ከኋላው ጣውላ ሲንቋቋ ሰማ። ጁምሪያ አመዷንና ጨርቋን ይዛ ቆማለች።

"ድመቷ..." አለ፤ አፉ ለምዶበት።

ጁምሪያ አመዷን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"ድመቷ የለችም" አለ ራሱ።

"የለችም አምቦ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቾኪ ከተወችው ወዲህ።"

"ታውቂ ነበር።"

"አንድ ጠዋት እዚሁ ቆመው አገኘሁዎት። ዐይንዎ ተከፍቷል፣ ፈገግ ብለዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼዎት አላውቅም። እንዴት አድርጌ ልቀስቅስዎት? ቁርስ ላይ ደግሞ የት እንደነበሩ ሲነግሩን..." ድምፅዋ ተሰበረ። "ድመቷ የሚጎድፍ ክብር የላትም፣ እርስዎ ግን አለዎት አልኩ። ሲዴ ይወስዳታል ብዬ አላሰብኩም። ልከልክለው ብልስ ምን ብዬ?"

ላ ቱፑ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አፍሮ ነበር፤ በልጁ ፊት፣ በዚህ ዕድሜው፣ እንደ ሕፃን። ግን ከሁሉ ያንገበገበው ሽንቱ አልነበረም። እዚያ አለመሄዱ ነበር። ያ ሁሉ ጠዋት ኢ ቻያ ዘንድ ደርሶ የመጣ መስሎት፣ ለካ ከመኝታው እስከ ግድግዳው ነው። ሁለተኛ የሞተችበት ያን ጊዜ ነው፤ አለቀሰም። ጁምሪያ ጨርቋን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ሲበቃው ተነሥቶ ታጠበ፣ ሽርጡን ለወጠ፣ ባዶውን ቅርጫት አንሥቶ ወጣ።

ጀልባው ወንዙን ሲያሻግረው ፀሐይ ገና ውሃውን መንካቷ ነበር። ዓሣ ገበያው ተንጫጭቷል። ቾኪን ያገኛት አንዲት ወፍራም ዓሣ ነጋዴ ጠረጴዛ ሥር ነው፤ የትልቅ ዓሣ ራስ ፊቷ ቀርቦ፣ አገር የሰጧት ሹም መስላ።

"ይቺ ድመት የኔ ናት" አላት ነጋዴዋን።

"የርስዎ ከሆነች ምነው ትናንት አንዱ በሞተር አምጥቶ ጥሏት ሄደ?"

"አማቼ ነው።"

"ምን አጠፋች?"

"ቤት ውስጥ ትሸናለች ተብላ።"

"ትሸናለች? እንኳን ነገሩኝ፣ እኔ ቤቴ ልወስዳት ነበር።"

ላ ቱፑ ሴትዮዋን አያት። ዘመድ አይደለች፣ ጎረቤት አይደለች። "እሷ አይደለችም" አለ። "የምሸናው እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አቁማ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው። "እንግዲያው በቅርጫቱ መምጣት የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ" አለች።

ላ ቱፑ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ የዓሣውን ራስ በቅጠል ጠቅልላ ለመንገድ ሰጠችው። ቾኪ ቅርጫቱ ውስጥ ራሷ ገባች።

ለማያውቁት ሰው መናገር ቀላል ነው። አብሮ ማዕድ ለሚቆርስ ግን ምላስ ይከብዳል። ላ ሲዴ ድመቷን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። "አምቦ! ነገ እኮ ሽማግሌዎቹ..."

"መጋዝ አምጣ" አለው ላ ቱፑ። "በምሥራቁ ግድግዳ በር እናወጣለን። ደረጃም።"

"የጀርባ በር? የፊቱ በር ትይዩ? እርስዎ እኮ ነዎት በፊት በር የገባው ሲሳይ በጀርባ በር ይወጣል እያሉ የሰውን ሁሉ በር በሚስማር ያስመቱት!"

"ለድመቷ ነው" አለች ጁምሪያ ፈጥና።

"ለድመት ቀዳዳ ይበቃታል" አለ ላ ሲዴ አማቱ ግድግዳው ላይ ያሠመረውን ምልክት እያየ። "በዚህማ በሬ ይገባል።" ቢሆንም መጋዙን አመጣ። ጣውላው ተቆርጦ ሲወድቅ ማሳው ባንድ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ አረንጓዴው፣ ነፋሱ፣ የእርጥብ አፈር ሽታው። ላ ሲዴ እንኳ ነገሩን ረስቶ ትንሽ ቆሞ አየ።

ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ መጡ። ሐጂ በዱ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ ከሩቅ አገር በሚኒባስ ተንገላተው፣ እግራቸውን ታጥበው ወጡ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ የሙዝ ቅጠል ተፈታ፣ ጣፋጩ ቀረበ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ሩዙ ዋጋ ተወራ። የሐጂ በዱ ዐይን ግን ከአዲሱ በር ላይ አልተነቀለም።

"ፑዋንግ ቱፑ" አሉ በመጨረሻ፣ በአክብሮት ጠርተው። "የወንድሜን የጀርባ በር ያስደፈኑት እርስዎ ነዎት። ሲሳይ ይወጣል ብለውናል። ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ለእኛ ያልሆነው ለእርስዎ ይሆናል?"

ጨዋታ ነው፤ ግን ጨዋታው ስለት አለው። የአዋቂው ቃል ከተናቀ ልጃገረዲቱን የሚሰጠው ቃልም ይናቃል። ተንሪ በመጋረጃው በኩል ቆማ ትሰማለች።

"ለድመቷ ነው ሐጂ" አለች ጁምሪያ። ፊቷ ቀልቷል። "ባለጌ ድመት ናት፤ ቤት ውስጥ ስለምትሸና..."

ላ ቱፑ ልጁን አያት። በእንግዳ ፊት፣ በገዛ ልጇ የጥየቃ ቀን፣ ለእሱ ስትል ትዋሻለች። እስከ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተንበርክካ የእሱን ገመና በአመድ ስትሸፍን ኖራለች፤ ነገም ትሸፍናለች፤ እስኪሞት ትሸፍናለች። ወደዳት። አፈረም፤ ይሄኛው እፍረት ግን ዝም የሚያሰኝ አልነበረም።

"ድመቷ አይደለችም" አለ። "እኔ ነኝ።"

ላ ሲዴ ቀና አለ።

"ሚስቴ ከሞተችብኝ ወዲህ መንገድ ጠፍቶኛል ሐጂ። ጎህ ሲቀድ በእንቅልፌ ተነሥቼ በድሮው በር እወጣለሁ፤ በሩ ግን የለም፣ ዞሯል፤ ያዞርኩትም እኔ ነኝ። እዚያ ግድግዳ ላይ ስሸና ነበር። ልጄ ስሜን ለማዳን በድመቷ አላከከችው። ድመቷ ተሰደደችልኝ። ሲሳይ በጀርባ በር ይወጣል ያልኩት ሐሰት አይደለም፤ ግን ሰው መውጫ አጥቶ ከሚዋረድ ይውጣ፣ ሲሳዩ ራሱ ያውቃል።"

ጁምሪያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ላ ሲዴ የሞተሩን ኮርቻ ያስታወሰ ይመስል ከምንጣፉ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሐጂ በዱ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ደረጃው ጠንካራ ነው?" አሉ።

"ነው።"

"ከሚኒባሱ ሳልወርድ ጀምሮ ይዤዋለሁ። በፊት በር ወጥቼ፣ ያ ሁሉ ሴት ወጥ በሚያማስልበት መኻል፣ የት ነው ብዬ ልጠይቅ? ይምሩኝ እባክዎ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በአዲሱ በር ወጡ፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ደረጃውን ወረዱ። ቾኪ ቀድማ ወርዳ ሣር ውስጥ ተቀምጣለች። በቀርከሃው አጥር በኩል ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ማሳውን እያዩ ቆሙ። ጉሙ ተገፍፏል። ላ ቱፑ ሩቅ፣ የድሮው ግቢ ወደነበረበት፣ ሽፈራው ዛፉ ወደ ቆመበት ተመለከተ። ሥሩ ማንም የለም። ማንም እንደሌለ አምኖ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አመመው፤ ቢሆንም ዐይኑን አላነሣም።

"የኔዋ ካረፈች ሦስት ዓመቷ" አሉ ሐጂ በዱ፣ እሳቸውም ወደዚያው እያዩ። "እስከ ዛሬ አልጋው ጠርዝ ላይ ነው የምተኛው፤ ቦታዋን እንዳልይዝባት። ባለፈው ወድቄ ክንዴ ተሰበረ። ለልጆቼ ግን መስጊዱ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ነው አልኳቸው።"

ከላይ ጁምሪያ ሩዙ መቅረቡን ነግራ ጠራቻቸው። ሁለቱም መጣን አሉ፤ ግን ቶሎ አልተመለሱም።